ሳ ታቱ ስንት ሰዓት ነው?

ናይሮቢ የሚኖር ሀበሻ አንድ ሰዓት በእጁ፣ አንድ ሰዓት በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚዞረው። በእንግሊዝኛ «ከሰዓት በኋላ ሦስት» ሲሉት በእኛ ዘጠኝ መሆኑን ለማወቅ ስድስት ይደምራል፤ አገር ቤት ደውሎ «ዘጠኝ ሰዓት» ሲሉት መልሶ ይቀንሳል። አትሳቁ፤ እናንተም ብትመጡ ከዚህ አታመልጡም። ሲቆይ ልማድ ይሆንና ማንም ሳይጠይቀን እንደምራለን።

ወዳጄ ደጀኔ መሃል ከተማ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ሱቁ፣ የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት ይሸጥ ነበር። ባሕር ማዶ ያሉ ደንበኞቹ የሚከፍሉት በአንድ የኢንተርኔት ክፍያ ኩባንያ በኩል ነው። የኩባንያው ባንክ ታዲያ አንድ ቀን ብድግ ብሎ «የሰው ገንዘብ ለመያዝ ፈቃድ የላችሁም» አለና የኩባንያውን ሒሳብ አገደ። ኩባንያው ባንኩን ከሰሰ። የሚካሰሱት እነሱ፣ የታሰረው የደጀኔ ገንዘብ! ሱቁን ያከራዩት ሽማግሌም ላልተከፈላቸው ኪራይ ፍርድ ቤቱ እስኪናገር ብቻ ሊታገሡት ቃል ገቡ።

በመጨረሻ የኩባንያው ጠበቃ ጸሐፊ ደወለች። ዳኛው በማግሥቱ እንደ ደጀኔ ገንዘባቸው የታሰረባቸውን ሻጮች ይሰማሉ፤ የቀረበ ገንዘቡ ሊለቀቅለት ይችላል። ሰዓቱ «ሳ ታቱ» ነው። የደጀኔ ስዋሂሊ የገበያ ስዋሂሊ ነው፤ ቀጠሮ የለመደው በእንግሊዝኛ። ሳ ሰዓት፣ ታቱ ሦስት መሆኑን ግን ያውቃል። ስድስት ደመረ።

በማግሥቱ ጠዋት አብሬው ሱቅ ዋልኩ። ያጠፈውን ቀሚስ ይዘረጋል፣ የዘረጋውን ያጥፋል፣ ደጅ ወጥቶ ይመለሳል። ምሳ አልበላም። መቁነጥነጡ ተጋባብኝና እኔም ሰዓቴን በየደቂቃው አይ ጀመር። «ቀደም ብለን እንሂድ» ስለው «ቁጭ ብለን ምን እንሠራለን?» አለኝ።

ስምንት ተኩል ላይ ስንደርስ ኮሪደሩ እየተወለወለ ነው። ጸሐፊዋ ፋይሏን ታቅፋ ስትወጣ አገኘችን።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ስሪ ኦክሎክ አላልሽኝም?»

«ሳ ታቱ ነው ያልኩህ። ለከሰዓት ቢሆን ሳ ቲሳ እልህ ነበር።»

ቲሳ ዘጠኝ ነው። ለካ ስዋሂሊም እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው! በዚህ ሁሉ ከተማ ከእኛ ሰዓት ጋር የሚገጥም አንድ ሰዓት ቢገኝ፣ እሱኑ አላመንነውም። ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን አጣሁ። ጠዋት ለቀረቡት ገንዘቡ እንዲለቀቅ ታዟል። የቀሩት ጉዳይ ለሌላ ወር ተቀጥሯል።

ደጀኔ ደረጃው ላይ ቆሞ ለሽማግሌው ደወለ፤ እውነቱን ነገራቸው። አልተቆጡም። ፍርድ ቤቱ ተናግሯል፣ እኔም ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ ነገ ሳ ታቱ ቁልፌን አምጣልኝ አሉት።

ስልኩን ዘጋና ሰዓቱን አየ።

«ጠዋት ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።