ትልቁን ቁጥር የመረጥኩ ዕለት

በእኛ ከተማ አንድ ጊዜ «አውቃለሁ» ያለ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ «አላውቅም» የማለት መብቱን ያጣል። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን እዚሁ ከሚሴ፣ ለጉዳይ የገባሁበት ቢሮ ውስጥ አልሠራ ያለ ማተሚያ ከሶኬቱ ነቅዬ መልሼ ብሰካው ተነሳ። በቃ፣ የኮምፒውተር ሐኪም ሆንኩ። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ስልኩ በጋለ ቁጥር እንካ እየው ይለኛል። እኔም ቀስ በቀስ እንደ ባለሙያ ማሰብ ጀመርኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይሄ አይደል?

ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ ጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው። መሥሪያ ቤታቸው ያስወገደውን ጥንታዊ ኮምፒውተር አላስችላቸው ብሎ ገዝተው ቤታቸው አስቀምጠውታል። ባለቤታቸው ሼህ ይማም፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ለምርቃት ከጨፋ ሮቢት ሳይቀር የሚጠሩ ሰው ነበሩ። ሕመሙ ሲጠናባቸው ለአንድ ልጃቸው ለራህማ የኒካ ቀን የሚሆን ምርቃት ተናገሩ፣ እትዬም እዚያ ኮምፒውተር ላይ ተየቡት። ሼሁ፣ ሠርጓ እስኪቃረብ ድረስ ወረቀት ላይ አይውጣ ብለው ነበርና ከኮምፒውተሩ ሆድ ሌላ የትም የለም።

ራህማ ባቲ ነው የምትሠራው። ሠርጓ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እትዬ ጠሩኝ፤ የማተሚያውን ሪባን ብቻ እንድቀይርላቸው። ቀየርኩ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን ወግ ባልጻፍኩ። ግን ስክሪኑን ሳየው ስዕሉ ግዙፍ፣ ፊደሉ ወፍራም ነው። ሐኪም አይቶ ያልፋል? የስክሪኑ ጥራት ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ ከተደረደሩት ቁጥሮች ትልቁን መረጥኩ። ትልቅ ነገር ማን ይጠላል?

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

የዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ጥቂት ሰከንድ ጠብቀው «ወደ ነበረበት ልመልሰው?» ይላሉ። የዚያ ዘመኑ ግን ከአቅሙ በላይም ቢሆን ቃሉን አያጥፍም። አጥፍቼ ሳበራው የመነሻው ነጭ ጽሑፍ ይመጣል፤ ስዕሉ ሊመጣ ሲል ድርግም። እትዬ ፊቴን አይተው «አብሽር፣ ኢልመኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ ግን የሙት ቃል ያጠፋሁ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስወጣ በየቀኑ እዚያው ነኝ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። የስክሪኑን ካርድ አውጥቼ ጥርሱን በላጲስ ፈተግኩ። ሌላ ስክሪን ለምኜ በባጃጅ አመጣሁ፤ እሱም ጨለመ። እትዬ ምሳና እርጎ እያቀረቡ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ እናቴ ወገብ፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባሁ ይጠይቁኛል። እኔ በሐሳብ አልቄ፣ እሳቸው እንዲያ መረጋጋታቸው ገርሞኝ ነበር።

በስምንተኛው ቀን አልቻልኩም አልኳቸው። እንባዬም መጣ፤ ምን ይደበቃል።

እጃቸውን ታጠቡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ቢስሚላህ ብለው፣ ፊታቸውን ከጥቁሩ ስክሪን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ አራት አምስት ቁልፍ ተጫኑ። ማተሚያው ተንጫጫ። «ልጄ ራህማ፣ የገባሽበት ቤት ይስፋሽ፣ የተናገርሽው ይሰማልሽ፣ የወለድሽው ይጡርሽ» እያለ የሼህ ይማም ምርቃት መስመር በመስመር ወጣ። አንድ ለራህማ፣ አንድ ለራሳቸው አተሙ።

ለካ የጨለመው ስክሪኑ ብቻ ነው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ውስጡን ይሠራል። በእሳቸው ጊዜ ደግሞ እጁን እያየ የሚተይብ ታይፒስት አይባልም ነበር። ጁምዓ ጁምዓ ያንን ጽሑፍ ከፍተው ከማንበብ ሌላ በኮምፒውተሩ ስለማይሠሩም፣ መጨረሻ የተከፈተውን አምጣ ሲሉት የሚያመጣው እሱን ነው። ጣታቸው መንገዱን ያውቀዋል።

«ታዲያ ለምን በመጀመሪያው ቀን አላሉኝም?» አልኩ።

ወረቀቱን ቀስ ብለው አጠፉት። «ሼሁ የሉ፣ ራህማ ባቲ። ስምንት ቀን ሙሉ በሬን አንኳክቶ እንዴት ዋሉ የሚለኝ ሰው አገኘሁ። ያን ቀን ብነግርህ ኖሮ፣ ወላሂ በል፣ በማግስቱ ትመጣ ነበር?»

መማል አልቻልኩም።

ራህማ ተመርቃ ባቲ ገባች። የስክሪኑን መድኃኒትም በኋላ ሰው ነገረኝ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ትንሹን ቁጥር መምረጥ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ይኸው ስድስት ወር ሆነኝ፣ በየሳምንቱ እየሄድኩ ብልሽቱን እመረምራለሁ፤ ከባድ ነው እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም በጣም ከባድ ነው ይሉኛል።