የሊቀ ቀለህ ዘጠኝ ጥይቶች

ዴልበርት ሆፌከር በየማለዳው፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ወደ ጋራዡ ይገባና አንድ ባዶ የጥይት ቀለህ በሁለት ጣቱ አንስቶ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። ሚዛኑ የቅንድብ ጸጉር እንኳ ይመዝናል። ቁጥሩ እስኪረጋ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ወይ «ይሁን» ይላል፣ ወይ ቀለሁን ባልዲ ውስጥ ይጥለዋል። «ይሁን» ሲል የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ተኳሽ ባለበት አገር ሁሉ አንድ ዴልበርት አይጠፋም። ሌላው ሰው ለመተኮስ ይዘጋጃል፤ እሱ ለመዘጋጀት ይተኩሳል። በእኛ በፔንስልቬንያ ኮረብታዎች ጥይቱን በራሱ እጅ የማይሞላ ሰው እንደ ሰነፍ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ዓይነቱ በብዛት ይበቅልብናል። የእኛን ግን የሚስተካከለው የለም። የተኩስ ክበባችን አባላት ተሰብስበን «ሊቀ ቀለህ» የሚል ማዕረግ ሰጥተነዋል። ማዕረጉን በቁም ነገር ተቀበለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተተኩሶ የወደቀ የናስ ቀለህ ይጸዳል፣ ይስተካከላል፣ እንደገና ባሩድና እርሳስ ይሞላል። ቀለሆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆኑ ጥይቶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ያርፋሉ ብለን እናምናለን። እምነቱ እውነት ነው። የት ላይ ማቆም እንዳለብን የሚነግረን ግን የለም።

ዴልበርት የቀለሁን ርዝመት ይከረክማል። የአፉን ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም ይሞርዳል። አንገቱን በእሳት ለብለብ አድርጎ ያለሰልሳል። የአንገቱን ውፍረት ዙሪያውን ይልጋል። ከታች እሳት የሚያልፍባትን ቀዳዳ ሳይቀር ይጠርጋል። ከዚያ ይመዝናል። ከዚያ፣ ሚዛኑን ስለማያምን፣ በሌላ ሚዛን ይመዝናል። ከአምስት መቶ ቀለህ ስልሳ ቢተርፍ ያ ዓመት መልካም ዓመት ነው።

«ዘንድሮ ለውድድሩ ደረስክ?» ስንለው መልሱ አንድ ነው፦ «ገና ነው።»

በሚስቱ ወንድም ቀብር ላይ ፓስተሩ ለጸሎት ዝም ሲሉ ከሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ክርር ክርር የሚል ድምፅ ተሰማ። ዴልበርት በኮት ኪሱ ውስጥ የቀለህ አፍ እየሞረደ ነበር። ሚስቱ ኧርማ በክርኗ ጎሸመችው። «ሟቹ ቢሆን ይረዳኝ ነበር» አላት።

የኧርማ ነገር ራሱን የቻለ መከራ ነው። አንድ እሁድ ቤታቸው ስገባ ምድጃው ፊት ቆማ ስትጮህ አገኘኋት።

«ዶሮዬን የት ልጥበስ? ሁለት መቶ ቀለህ ምድጃዬ ውስጥ ተኝቷል!»

«ታጥቦ እየደረቀ ነው። አርባ ደቂቃ ታገሺ።»

«አርባ ዓመት ታገስኩ፣ አንተ ሰውዬ! ለገና የጋገርኩትን ፓይ ሰዎቹ ናስ ናስ ይላል አሉኝ እኮ!»

«የትኛው ናስ እንደሆነ አልነገሩሽም?»

በዚህ ሁሉ እስቅ ነበር። ባለፈው ሚያዝያ ሳቁ ቀረ። የዓይን ሐኪሙ የቀኝ ዓይኑ የመሃል እይታ እየጠፋ መሆኑን ነገረው። የሚያነጣጥረው በቀኝ ዓይኑ ነው። በረዶ መውደቅ ሳይጀምር፣ አለ ሐኪሙ፣ ያ ዓይን ዒላማ ማየት ያቆማል። በክበባችን ግድግዳ ላይ የባለ ክብረ ወሰኖች ስም የተቀረጸበት የእንጨት ሰሌዳ አለ። ዴልበርት ሠላሳ አንድ ዓመት አባል ሆኖ ስሙ እዚያ የለም። የቀረው የመስከረሙ ውድድር ብቻ ነበር፦ አንድ ሺህ ያርድ፣ አስር ጥይት፣ አስር ደቂቃ፤ ቀዳዳዎቹ ይበልጥ የተቀራረቡለት ያሸንፋል።

ዓርብ ማታ ደወለልኝ። «አስር አለኝ» አለ። ድምፁ እንደ አዲስ አባት ነበር። ከአምስት መቶው አስር!

ቅዳሜ ነፋስ አልነበረም። የተኩስ መሪያችን ቬልዳ ፊሽካ ነፋች። ከዴልበርት ኋላ ተቀምጬ ቆጠርኩ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ተኮሰ። ከዚያ እጁን ከጠመንጃው አነሳ።

«ምን ሆንክ?»

«ጨረስኩ።»

«ዘጠኝ ነው የተኮስከው!»

«ጠዋት መኪናው ጋ አንድ ጊዜ ደግሜ ለካኋቸው። የአንዱ አንገት ያዘነብላል።»

«በስንት?»

«በግማሽ ጸጉር።»

ለማሟሟቂያ ካመጣቸው ጥይቶች ስድስቱ ክርኑ አጠገብ ተደርድረው ነበር። ቬልዳ ቀረበች። «ዴልበርት፣ አንድ ይቀርሃል። ስምንት ደቂቃ አለህ።»

«አውቃለሁ፣ ቬልዳ።»

«እና?»

«ገና ነው።»

«በእግዚአብሔር!» አልኩት። «ከእነዚህ አንዱን አጉርስና ተኩስ! ለከርሞ ዓይን የለህም!»

ወደ እኔ ዞረ። «በማላምነው ጥይት ስሜ ሰሌዳው ላይ ቢወጣ፣ እሱን እያየሁ የምኖረው እኔ ነኝ።»

ስምንቱን ደቂቃ በሙሉ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የማውቃቸው የስድብ ዓይነቶች ሁሉ በልቤ አለቁ። ፊሽካው ተነፋ።

ዒላማው ሲመጣ ዘጠኙ ቀዳዳዎች ከአራት ኢንች ተኩል ስፋት አልወጡም። የክበቡ ክብረ ወሰን አምስት ከሩብ ነው። ቬልዳ ሁለት ጊዜ ለካች፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ሦስተኛ ለካች። ከዚያ ደንቡ እንደሚለው «አልተሟላም» ብላ ጻፈች። ማንም አልቀለደም።

ወደ ቤት የነዳሁት እኔ ነኝ። ክብረ ወሰኑ የእኔ ስለሆነ፣ ስድስት ዓመት አፍኜ የያዝኩትን ነገር መናዘዝ ነበረብኝ።

«ዴልበርት፣ ያንን አምስት ከሩብ የተኮስኩት አንተ በጣልካቸው ቀለሆች ነው። ኧርማ ባልዲውን ሙሉ ሰጥታኝ። ግማሹ ክበብ የሚተኩሰው የአንተን ጥራጊ ነው።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የሚያለቅስ መስሎኝ መኪናውን ላቆም ስል ጠየቀኝ፦

«የትኛውን ባልዲ?»

«ሰማያዊውን።»

«ውይ» አለ፣ ከልቡ አዝኖልኝ። «የሰማያዊው አንገት እኮ ወፍራም ነው። ብትነግረኝ ኖሮ የተሻለ እሰጥህ ነበር።»

ከዚያ ሰው ጋር አርባ ዓመት ስለኖረች ለኧርማ ሳዝን ኖሬያለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ግን ቀናሁባት።

አሁን ጥቅምት ነው፤ የቀኝ ዓይኑ ጠፍቷል። በግራ ትከሻው እንዲተኩስ ጠመንጃው ጠመንጃ ሠሪው ዘንድ እየተለወጠ ነው። በግራ ተኩሶ አያውቅም። የግራ ዓይኑም ደክሟል፤ በጠመንጃው መነጽር ጎልቶ የመጣ ዒላማ ያያል እንጂ የሚዛን ቁጥር አያነብም። እብድ ነህ ብዬዋለሁ። አምስት መቶ አዳዲስ ቀለሆች አዝዟል። ሐሙስ ይደርሳሉ፤ ቁጥሩን የማነብለት እኔ ነኝ።