ሰርጎ ገቡ በግና ዶክተር ዘርአ ዳዊት

ጣርማ በር ላይ ከብርድ መሸሸግ ይቻላል፤ ላስረዳ ብሎ ከተነሣ ሰው ግን መሸሸጊያ የለም። ይህን እንደ ወይዘሮ ወለተሐና የሚያውቅ አልነበረም። የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዘርአ ዳዊት የከሳ በግ ቢያሳዩአቸው "ነገሩን ከሥሩ እንጀምር" ይላሉ። መድኃኒቱ ጋ እስኪደርሱ በጉ ወይ ድኗል፣ ወይ ለጅብ ተጥሏል። ለቅሶ ቤት ስለ ጉበት ትል ቢያስረዱ፣ ሐዘንተኞቹ እንባቸውን ጠርገው ሌላ ለቅሶ ሄደዋል።

በሰባ ስምንት ዓ.ም. ግድም ወለተሐና አውራ በጓን ልታስከትብ ወሰደች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ያቆመው የዚህ በግ ዘር ነው።

"ጤነኛ ነው!" አሉ ዶክተሩ። "ደሙ ውስጥ ግን ከጥንት የገባ ቫይረስ ተደብቆ ይኖራል።"

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ብርሃነ መስቀል ከኋላ ቆመው ኖሯል። "ተደብቆ? ሰርጎ ገብ ነዋ!"

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ፤ በጉም ታስሮ ቀረበ። ይታረድ ተባለ።

"በምላስዎ ገደሉብኝ!" አለች ወለተሐና፣ ዶክተሩን እያየች።

ዶክተሩ ተነሡ። "ከሥሩ እንጀምር።" ተሰብሳቢው አቃሰተ።

"ጠላት ከሆነ ለምን አላሳመመውም?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ጥንት ሲገባ ሳያሳምም አልቀረም። ኋላ ግን ዘር ውስጥ ገብቶ ከወላጅ ወደ ግልገል ይወርድ ጀመር። ክፉው ያደረበት በግ ሳይወልድ ሞተ፤ ቫይረሱም አብሮት ቀረ። ዘር የተረፈው ካልተጎዳው ነው። በዘመን ብዛት ቫይረሱ ተሰባበረ፤ የቀረውንም ሰውነት አፉን ዘጋው። በግ ሁሉ ላይ አለ።"

"ሰው ላይስ?"

"ሰውም የራሱ አለው፤ ሁላችንም ላይ።"

ሊቀመንበሩ ደረታቸውን ዳበሱ። "እኔም ላይ?"

"እርስዎም ላይ፣ ከእርስዎ በላይ ያሉት ጓዶችም ላይ!"

ጓድ ብርሃነ መስቀል በሩን አዩ፤ መስኮቱን አዩ። "ስብሰባው ተበትኗል! በጉን ፍቱት!"

ወደ ቤት ሲመለሱ ዶክተሩ አቀርቅረው የበጉን ገመድ ይጎትታሉ፤ ትንፍሽ የለም።

"ምነው ዝም አሉ?"

"ያስፈረደበትም የኔው አፍ ነው፣ ወለተሐና።"

ዝምታቸውን ልትችለው አልቻለችም። ጉሙ እየወረደ፣ ቤቷ ሥራ እየጠበቃት፣ "እስቲ ዶክተር፣" አለች፣ "የበግ ላት ለምን እንዲህ ይወፍራል?"

ፊታቸው በራ። ወለተሐና ባናዋን ደርባ ድንጋይ ላይ ተደላደለች፤ ከኖኅ መርከብ መነሣታቸው እንደማይቀር ታውቃለች።