መኪና ሽጬ ዋስ የጠራሁት እኔ ነኝ

ሞኝ ሰው ተታሎ አያውቅም። የሚታለለው ብልህ ነው። ሞኝማ «ነገሩ አልገባኝም» ይልና ያለውን ይዞ በጊዜ ቤቱ ይገባል። ነገሩ ሁሉ ቶሎ ቶሎ የሚገባው ሰው ነው ባዶ እጁን የሚቀረው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

ለማታውቁኝ፣ እዚህ ጎባ በፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአታላዮችን መዝገብ ስገለብጥ ኖሬአለሁ። የሌላውን መሬት የሸጠ፣ የታመመ በሬ ጨው አልሶ ጤነኛ ያስመሰለ፣ የሞተ ወንድሙን ዋስ አድርጎ የጠራ... ሁሉንም በእጄ ጽፌአለሁ፤ ያውም ባማረ ጽሕፈት! ስጽፍ ደግሞ በሆዴ እስቃለሁ። «ሰው እንዴት እንዲህ ይታለላል?» እላለሁ። አሁን ያንን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች በመንገድ ላይ እየበዙ ነው።

ነገሩ የመኪና ነው። መኪናዋን ያገኘሁት ወደ አገሩ ከተመለሰ ጣልያናዊ መካኒክ ነው። ገዛሁ እላለሁ እንጂ የገዛችው ባለቤቴ ዲንቄ ናት። እሷም አይደለችም፤ ላሞቿ ናቸው። አባቷ ሲድሯት የሰጧት ሦስት ላሞች ነበሯት። «በየገበያው ቀን ከጎባ ሮቤ ሰው እያመላለስን በዓመት ውስጥ ላሞችሽን እንተካለን» ብዬ አሸጥኳት። ሁለት ዓመት አለፈ። በዚያች መኪና የሄደ ሰው ቢኖር የዲንቄ እናት ናቸው። እሳቸውም በመኪና ሄደው በእግራቸው ተመለሱ።

መኪናዋ አንድ ጠባይ ነበራት። በቁልፍ አትነሳም። ባትሪዋ ከሞተ ቆይቷል። አዲስ ባትሪ ደግሞ ውድ ነው። ጎባ ላይ ግን ቁልቁለት በነፃ ነው! ስለዚህ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ አቆማታለሁ። ስፈልጋት ፍሬኑን ለቀቅ ሳደርገው ትንደረደርና ማርሽ ሳስገባ ተንተክትካ ትነሳለች። ሜዳ ላይ ጉዳይ ካለኝ በእግሬ እሄዳለሁ። በዚህ ብልሃቴ እኮራ ነበር። ከባትሪ ሻጭ ያመለጥኩ ሰው ነኝ እያልኩ ለባልደረቦቼ አወራ ነበር።

ዲንቄ ግን ወተት ከጎረቤት እየተበደረች ነው። የላም ባለቤት የነበረች ሴት ጣሳ ይዛ አጥር ስታልፍ ማየት እንዴት እንደሚያሳፍር ልነግራችሁ አልችልም። አንድ ቀን ጠዋት ጣሳውን ፊቴ አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ።

«ክረምቱ ሳይገባ ላሞቼ እዚህ በር ላይ ይታሰሩ።»

«ካልታሰሩስ?»

«እኔ አባቴ ቤት ነኝ።»

ዲንቄ ብዙ አታወራም። ያወራችውን ግን ታደርጋለች። በዚያው ዕለት መኪናዋ የምትሸጥ መሆኗን ለከተማው አሰማሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አቶ ፍስሐ የሚባሉ ሰው መጡ። ካፖርት ለብሰዋል፤ ከረባት አስረዋል፤ የቆዳ ቦርሳ ይዘዋል። ከደሎ መና ቡና የሚያወጡ ነጋዴ መሆናቸውን ነገሩኝ። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

«ለምን እዚህ ዳገት ላይ ቆመች?»

«አየር ትወዳለች» አልኳቸው።

ፍሬኑን ለቀቅኩና አስነሳሁላቸው። አንድ ዙር ነዷት። በዋጋው አልተከራከሩም። አያችሁ፣ ይሄኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ! በዋጋ የማይከራከር ገዢ በባሌ ምድር ታይቶ አይታወቅም። እኔ ግን ለመንቃት ጊዜ አላገኘሁም፤ ሰውየው በትሕትና ጎንበስ ብለው አንድ ጥያቄ አቀረቡ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና... መኪናዋ የእርስዎ ለመሆኗ ዋስ አለዎት?»

አንባቢዬ፣ የኛን አገር ደንብ ካላወቅህ ልንገርህ። ከብት ገበያ ላይ ዋስ የሚጠራው ሻጭ ነው። ከብቱ የሌባ እንዳይሆን፣ ነገ ባለቤቱ መጥቶ እንዳይጠይቅ ሻጩ አንድ የታወቀ ሰው ያቆማል። ገዢው ዋስ ምን ያደርግለታል? ብሩን እዚያው ቆጥሮ ሰጥቷል። ስለዚህ ሰውየው የጠየቁኝ ደንቡን ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ በሌብነት ይጠርጠር?!

«አንድ አይደለም፣ ሁለት ዋስ እጠራለሁ!» አልኩ።

«ሁለት ቢሆን አልጠላም» አሉ አቶ ፍስሐ።

እየሮጥኩ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ከድር ሱቅ ደረስኩ። ሐጂ ጎባን በሙሉ የሚያውቁ፣ ጎባም የምታምናቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ሐጂ፣ ዋስ ይሁኑኝ!»

«አስተግፊሩላህ! ምን አጠፋህ?»

«ምንም። መኪና ልሸጥ ነው።»

«ታዲያ የምን ዋስ ነው?»

«ሌባ እንዳልሆንኩ።»

«ሌባ እንዳልሆንክማ እኔ አውቃለሁ። የሚገዛው ማን ነው?»

«አላውቃቸውም።»

«እሱንስ የሚያውቀው ማን ነው?»

«ሐጂ! የተጠረጠርኩት እኮ እኔ ነኝ!»

ሐጂ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ተከተሉኝ። ለሁለተኛ ዋስነት አንዱን የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬን ከምሳው ላይ አስነስቼ አመጣሁት። ከዚያ ቁጭ አልኩና ውሉን ራሴ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ውል ጽፌ አላውቅም። «ሻጭ ዋጋውን ያለ አንዳች ጉድለት ተቀብዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ በመኪናዋ ላይ ምንም ዓይነት መብትም ሆነ ጥያቄ የሌለኝ መሆኑን፣ ጠያቂ ቢመጣም እኔና ዋሶቼ መልስ የምንሰጥ መሆኑን...» እያልኩ መውጫ ቀዳዳ የሚባል ሳላስቀር ደፈንኩት። አቶ ፍስሐ አነበቡት።

«እንዲህ ያለ ብዕር አዲስ አበባም የለም» አሉ።

እኔ ደግሞ ጽሕፈቴን ሲያመሰግኑልኝ አልችልም።

ከዚያ ከቦርሳቸው የቼክ ደብተር አወጡ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው፤ ባንኩ ተዘግቷል። «ሰኞ ጠዋት ይቀበላሉ» ብለው ቆንጆ አድርገው ጻፉልኝ። ልጠርጥር እንዴ? እኔ በሁለት ሰው ዋስ ገና አሁን የታመንኩ ሰው፣ እሳቸውን «የእርስዎስ ዋስ?» ብል የተቀየምኩ ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ። ቼኩን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። መኪናዋን አስነስቼ ሞተሯ እየሠራ አስረከብኳቸው።

«እንዳያጠፏት፤ ሲሄዱ ነው የምታምረው» አልኳቸው።

እውነቱን ልንገራችሁ? ያን ቀን አታላዩ እኔ ነበርኩ የመሰለኝ። ልቤ ትንሽ ወቅሶኛል። ሰውየው ሜዳ ላይ ምን ይውጣቸው ይሆን እያልኩ እሁድን ሙሉ ሳዝንላቸው ዋልኩ።

እሁድ ለላሞቹ ሦስት ችካል ጠርቤ በር ላይ ተከልኩ። ዲንቄም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለች።

«እስኪ ብሩን አሳየኝ።»

ቼኩን ሰጠኋት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ይህ ነው ላሞቼ?»

«ሰኞ ላም ይሆናል።»

ሰኞ ጠዋት ባንክ ቤት ከበረኛው ቀድሜ ደረስኩ። ገንዘብ ከፋዩ መዝገቡን አየ፤ እኔን አየ፤ እንደገና መዝገቡን አየ።

«በኚህ ሰው ሒሳብ ያለው አምስት ብር ነው። የቀረውን አርብ አውጥተውታል።»

«እንግዲያው አምስቱን ስጠኝ።»

«ቼኩ የአምስት ብር አይደለም፤ አልችልም» አለኝ።

አቤቱታዬን ራሴ ጽፌ ለፖሊስ ሰጠሁና ቤቴ ገባሁ። ለዲንቄ ነገርኳት። ወጣችና ሦስቱን ችካሎች አንድ በአንድ ነቅላ እሳት ውስጥ ጨመረቻቸው። ከዚያ ነጠላዎቿን ማጣጠፍ ጀመረች። በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ከጻፍኩት ቃል ሁሉ ለዚያ ሰዓት የሚሆን አንድም አልነበረም።

ማክሰኞ ሐጂ ከድር በራችን ላይ ቆሙ። ጨርቅ ሊሸጡ ሮቤ ሄደው ነበር።

«መኪናህን ሮቤ አየኋት» አሉ።

«ማን ይነዳታል?»

«ማንም። ዶሮ ተኝቶባታል።»

በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ሦስታችንም ወረድን። ዲንቄ የተጣጠፉትን ነጠላዎች በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። የአባቷ አገር በሮቤ በኩል መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ሮቤን የሚያውቅ ያውቃታል። ዓይን እስኪደክመው ድረስ ሜዳ ነው። ስንዴና ገብስ ይበቅልባታል፤ ቁልቁለት ግን አይበቅልባትም። መኪናዋ ኦቦ አማን በሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ግቢ ውስጥ ቆማለች። በኋላው ወንበር ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ኦቦ አማን ከሰላምታ በኋላ ነገሩን አጫወቱን።

«ቅዳሜ ሰውየው ሻይ ሊጠጣ ሞተር አጠፋ። ከዚያ እምቢ አለችው። ሰው ገፋ፤ ጭቃው ያዘ። በሬዎቼን አመጣሁና ጎትቼ አወጣሁለት። ‹የድካሜን› አልኩት። ወረቀት ጻፈልኝ። ‹ኩን ማሊ? ይህ ምንድን ነው?› ስለው፣ ‹ቼክ ነው› አለ። ‹እኔ ማንበብ አልችልም። ዋቢን ኬ ኤሳ? ዋስህ የታለ?› አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«‹ዋስ የሚጠራው ሻጭ ነው› አለኛ! ‹እሱ በገንዘብ ሲሆን ነው፤ አንተ የሰጠኸኝ ወረቀት ነው። ብሩ እስኪመጣ ማን ይቆምልኛል?› አልኩት። ‹እዚህ የሚያውቀኝ የለም› አለ። ‹እንግዲያው መኪናዋ ትቁምልኝ› አልኩና ቁልፉን ተቀበልኩት። ዋስ ላምጣ ብሎ በሻሸመኔ አውቶቡስ ሄደ።»

«ብር አልነበራቸውም እንዴ?» አሉ ሐጂ።

«ነበረው እንጂ! ቦርሳው ውስጥ አይቻለሁ። ግን መጻፍ ይወዳል።»

እኔ ደረቴን ነፋሁ። «ኦቦ አማን፣ መኪናዋ የኔ ናት» አልኩ። ሽማግሌው መኪናዋ ውስጥ የቀረ አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ።

«እስኪ ይህን አንብብልኝ።»

የራሴ ውል ነው። አነበብኩ። «... ዋጋውን ያለ አንዳች ጉድለት ተቀብዬ... ምንም ዓይነት መብትም ሆነ ጥያቄ የሌለኝ መሆኑን...»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል። እንግዲህ መኪናዋ የሰውየው ናት።»

ይሄኔ ዲንቄ ቋጠሮዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በኦሮምኛ ጀመረች። የሽማግሌውን ጤና፣ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሁኔታ ጠየቀች። እሳቸውም የአባቷን ስም ጠየቁ፤ አወቋቸው። ከዚያ የአያቷን ጠየቁ። ስለ መኪና አንድም ቃል ሳይነሳ ብዙ ቆዩ። እኔ ውሌን ይዤ ቆሜአለሁ። በመጨረሻ የሦስቱን ላሞች ነገር ነገረቻቸው፤ የአንዷን ቀለም፣ የሌላዋን ቀንድ፣ የሦስተኛዋን የወተት ብዛት ሳይቀር። ስትጨርስ ኦቦ አማን ወደ እኔ ዞሩ።

«የአባቷን ከብት!» አሉ። ሌላ አላስፈለገኝም።

የሽማግሌው አማች በአጋርፋ በኩል ትራክተር ነጂ ነው። እሁድ መጥቶ የትራክተሩን ባትሪ ቢያስርላት መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሥታ ኖሯል። ኦቦ አማን ይህን አልደበቁንም፤ እንዲያውም ያን ከነገሩን በኋላ ነው መኪናዋን ለራሳቸው ሊያስቀሯት ለዲንቄ ዋጋ የጠሩት። ሁለት ላሞችና አንዲት ጥጃ። ዲንቄ ላሞቹን ዞራ አየች፤ ጡታቸውን ዳበሰች፤ ጥርሳቸውን ገልጣ አየች። እኔ መኪና ስገዛም ስሸጥም እንዲህ መርምሬ አላውቅም።

«ቶሌ፣ ይሁን» አለች።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ሰውዬ «መኪናዬን» ብሎ አንድ ቀን ተመልሶ ቢመጣ በኦቦ አማን ፋንታ መልስ የሚሰጥ ዋስ ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይ የቆሙት ሐጂ ከድር ናቸው፤ ምስጋና ይግባቸውና ዲንቄም ቋጠሮዋን ለጥጃዋ ማልበሻ ፈትታ ከእኔ ጋር ወደ ጎባ ተመልሳለች። ከሐጂ በፊት ግን የቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ባሏ ነኝ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ካስፈለገም እዚሁ ውል እጽፋለሁ ብዬ ብዕሬን ከኪሴ አወጣሁ።

ኦቦ አማን ብዕሩን አዩት፤ ከዚያ ዲንቄን በአዘኔታ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ላኪ፣ አይሆንም፤ እሱ ይቅር» አሉ። «እሱም መጻፍ ይወዳል።»