ሰይድ ጉሮሮውን የታመመ ዕለት

ባንድ ማለት ልብስ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ። እኔ አስመራ ውስጥ ብዙ ባንድ ሲመሠረትና ሲፈርስ አይቻለሁ፤ አብዛኛው የሚጀምረው ከልብስ ሰፊ ቤት ነው። አምስት ጎረምሶች ይሰበሰቡና አንድ ዓይነት ኮት ያሰፋሉ፣ ጫማቸውን ያስወለውላሉ፣ ጊታር ተውሰው ፎቶ ይነሣሉ፣ ከዚያ በባንዱ ስም ይጣላሉ። ሁለተኛውን ዘፈን ሳያጠኑ ይበተናሉ። ኮቱ ግን ይቀራል። ዛሬም በገበያው በኩል ሳልፍ ብርቱካንማ ኮት ለብሶ ሽንኩርት የሚሸጥ አንድ ሰው አለ፤ ቆሜ ሰላም እለዋለሁ። የባንድ መሪ ነበር።

ከልብሱ የተረፉት ደግሞ በዕቃ ይታመማሉ። ድምፅ ማጉያው ትልቅ ከሆነ ሙዚቃው ትልቅ የሚሆን ይመስላቸዋል። ማጉያ ማለት ግን እንደ ሐሜተኛ ጎረቤት ነው፤ ያለህን ገመና ወስዶ ለሰፈር ያዳርስልሃል እንጂ የሌለህን አይሰጥህም። ያልተቃኘ ጊታር ሲጎላ ይበልጥ ያልተቃኘ ይሆናል። ይህን ስናገር ልጆቹ ይስቁብኛል። እኔ የምጫወተው አኮርዲዮን ነዋ። አንድ ጥቁር ቁልፉ ከወለቀ ቆይቷል፤ በእንጨት አስጠርቤ ተክቼዋለሁ። «አቦይ ገብረ፣ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ ይህን ሽጠው» ይሉኛል። አልሸጠውም። ሙዚቀኛ የሚለካው የያዘውን ዕቃ በማወቁ ነው፤ እኔ የያዝኩት ዕቃ የት ላይ እንደሚያቃስት ከሚስቴ ጉልበት የበለጠ አውቃለሁ።

ስለ አማርኛዬም አንድ ነገር ልበል፣ ያለዚያ እናንተ አንባቢዎቼ በሆዳችሁ ትጠይቃላችሁ። አማርኛን የተማርኩት ካረጀሁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ ከልጄ እኩዮች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቄ ነው። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ሁሉ አማርኛ ሲሆን፣ ማመልከቻዬን በማንም አስጽፌ ከምለማመጥ ራሴ ልጻፈው ብዬ ነው። ተማርኩት፤ ወደድኩትም። ሐሙስ ስል ግን «ሐ»ዋ እስካሁን ከጉሮሮዬ ሥር ነው የምትወጣው፤ አገሬን ሳልጠየቅ ትናገርብኛለች። ትናገር። ቋንቋን እወዳለሁ፤ ቋንቋ ይዘው ዱላ የሚያደርጉትን ሰዎች ግን አልወድም። ይህ የምነግራችሁ ወሬ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የእኛ ባንድ አምስት ሰው ነበር። ጊታር የሚመታውና ከበሮ የሚመታው ወንድማማቾች ናቸው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይናገሩም፣ በሌላውም ታሪክ አይናገሩም፣ ዝም ብለው ይመታሉ። እግዜር ይስጣቸው፤ ባንድ የሚያፈርሰው የማይናገር ሰው ሆኖ አያውቅም። በትግርኛ የምትዘፍንልን ለተብርሃን ነበረች፤ ቀን ክር ፋብሪካ ትሠራለች፤ ከማሽን ጩኸት በላይ መዝፈን የለመደች በመሆኗ ማይክራፎን ስትይዝ ራቅ አድርጋ ነው። በአማርኛ የሚዘፍነው ደግሞ ሰይድ ነው። ሰይድ ከወሎ መጥቶ ከገበያው ጀርባ ሻሂ ቤት የከፈተ እስላም ነው። የወሎን ዜማ ሲያወጣ ሻሂው ይረሳና ይቀዘቅዛል፤ ደንበኛው ቀዝቃዛውን ጠጥቶ አመስግኖ ይሄዳል። የእኔን አማርኛ ያቃናልኝም እሱ ነው፤ በምትኩ እኔ ትግርኛውን አቃናለት ነበር። ሁለታችንም ሳንቃና ቀርተናል።

እንግዲህ በጥር አንድ እሑድ ቪላጆ ጀኒዮ የሚባል ሰፈር ሠርግ ተጠራን። ሴት ልጁን የሚድረው አቦይ ተስፋይ የተባለ የባቡር ጥገና ካፖ፣ ማለት የሠራተኞች አለቃ፣ ነው፤ በሥራው ቦታ ብረት የሚያስጎነብስ፣ በቤቱ ግን ዝግ ያለ ሰው። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሎ፣ ማጉያችን በጋሪ መጥቶ፣ ምሳው ተበልቶ፣ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ሳለች ጀመርን። ሙሽራው የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ አለቃው ተጋብዞ ነበር። አለቃ ሳይጠሩ መቅረት አይቻልም፤ ጠርቶም መዝናናት አይቻልም። ስሙን አልጠራም፤ ሹሙ እንበለው። ክፉ ፊት አልነበረውም። በላ፣ ጠጣ፣ ለሙሽሮቹ መልካም ምርቃት መረቀ።

ለተብርሃን የመጀመሪያውን ዘፈን በትግርኛ ስትጀምር እንግዳው ተነሥቶ የጭፈራውን ክብ ሠራና መዞር ጀመረ። ሹሙ አጠገቡ የነበረውን ጸሐፊውን ላከብን። ጸሐፊው ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ «ጌታው አልገባቸውም፤ የሚገባቸውን አድርጉላቸው» አለኝ። ተገቢ ነው። እንግዳ ይከበራል። ሰይድ ተነሣና አንዱን የወሎ ዜማ ለቀቀው፤ ሹሙ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፤ ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ የአስመራው እንግዳም ወደደው፣ አጨበጨበ። ጥሩ ዜማ ፓስፖርት አይጠየቅም።

ከዚያ ተራው የለተብርሃን ሆነና እንደገና ተነሣች። አንድ ቤት እንዳለች ሹሙ ራሱ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ እኛ መጣ፤ እጁን ማይክራፎኑ ላይ ጫነ።

«በሕዝብ ፊት፣ በድምፅ ማጉያ፣ ከመንግሥቱ ቋንቋ ውጭ አይዘፈንም» አለ። አልጮኸም፤ የሚጮኸው ማጉያው ነበር፣ ቃሉ ግቢውን ሞልቶ ወደ መንገድ ወጣ። «ሴትየዋ ትቀመጥ። እሱ ይቀጥል።»

ለተብርሃን የማጉያው ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ መሬት አየች። ክቡ ቆመ። ሙሽራው እንደ ሸማው ነጣ። አቦይ ተስፋይ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ዐይኔን ፈልጎ አገኘውና ራሱን ዝቅ፣ ከፍ አደረገ፤ «ግዴለም፣ አድርገው፣ ቀኑ ይለፍ» ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ ጀግና ነበርኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልነበርኩም። የባንዱን የመጫወቻ ፈቃድ አሰብኩ፣ ልጆቼን አሰብኩ፣ «ፈሪ ለእናቱ» የሚለውን ተረት አሰብኩና የሰይድን ዘፈን መግቢያ መጫወት ጀመርኩ። መግቢያው አለቀ። ሰይድ ዝም አለ። አልሰማኝም ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ዝም። ሦስተኛውን ስጀምር እጁን ክንዴ ላይ አሳረፈና «ጋሼ፣ ይብቃህ» አለኝ። ከዚያ ወደ ማይክራፎኑ ተጠጋ።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጉሮሮዬን አመመኝ።»

«አሁን ስትዘፍን አልነበረም እንዴ?» አለ ሹሙ።

«አሁን ነው የጀመረኝ።»

«መቼ ይሻልሃል?»

«እሷ ስትነሣ።»

ሹሙ ሰይድን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ከየት ነህ አንተ?»

«ከወሎ፣ ጌታዬ። ከደሴ ወረድ ብሎ።»

«የወሎ ሰው ሆነህ ነው?»

«የወሎ ሰው ስለሆንኩ ነው» አለ ሰይድ። «ሰው ቤት ተጠርቼ የቤቱን ልጅ አስቀምጬ ብዘፍን እናቴ ታፍርብኛለች።»

ሹሙ ለጸሐፊው በአገጩ ምልክት አደረገ፤ ጸሐፊው ሄዶ የማጉያውን ሶኬት ነቀለው። ትንሿ ቀይ መብራት ጠፋች። እኔ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሰው ሲደሰት ዳር ቆሜ የተጫወትኩ ሰው ነኝ፤ ስድብ ለምጃለሁ፣ «አንተ አዝማሪ» መባል ለምጃለሁ። በገዛ እንግዶቻችን ፊት ልጅቷ ሣጥን ላይ ተጎልታ፣ ሻሂ ሻጩ ደግሞ ለእሷ ሲል ሲቆም ማየት ግን አልለመድኩም። የሰው አገር ሰው ተናግሮ እኔ የቤቱ ሰው መግቢያ ስደጋግም መገኘቴ አንገበገበኝ። አኮርዲዮኑን ታጥቄ ከመድረኩ ወረድኩና ክቡ መሐል ገባሁ፤ የለተብርሃንን ዘፈን ካቆመችበት ጀመርኩት።

ጸሐፊው እየሮጠ መጣ። «አልሰማህም? ተከልክሏል» አለኝ።

«የተከለከለው በማጉያ ነው» አልኩት። «ማጉያውን አንተው አጥፍተኸዋል።»

ጸሐፊው ወደ ሹሙ ዞሮ አየ። በዚያች ቅጽበት ለተብርሃን ተነሣች። ያለ ማይክራፎን ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ ክር ፋብሪካ ያለፈ ጉሮሮ ነውና ግቢው አልሰፋትም። የሙሽራዋ አክስቶች እልል ብለው ከበሮ አመጡ። ክቡ እንደገና ዞረ። ሰይድ ደግሞ፣ ያ ጉሮሮው ታሞ የነበረው፣ ከኋላዋ ሆኖ ትግርኛውን እየሰባበረ ይቀበላት ጀመር።

ሹሙ ባርኔጣውን አነሣ። አቦይ ተስፋይ እንደ ደንቡ እስከ ማኪናው ሸኘው፣ በሩን ከፈተለት፣ እጅ ነሣ። ማኪናው ሲሄድ ተመለሰ፤ የግቢውን በር ዘጋ፤ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ አንጠለጠለና ክቡ ውስጥ ገባ። ብረት የሚያስጎነብስ ትከሻ በጭፈራ ሲመታ ያን ቀን አየሁ።

የሆነው ሁሉ እዚያ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። በማግስቱ ፈቃዳችን ለስድስት ወር ታገደ። ሙሽራው ደግሞ በአሥረኛው ቀን ወደ አሰብ ተዛወረ። አሰብን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሙቀቱ እንኳን ሙሽራ ዓሣም ያማርራል። ይህኛው ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ፈቃዱ የእኔ ነው፣ ቢታገድም የእኔ ነው፤ የሰው ትዳር ግን ምን አገባኝ? ሊሄዱ ሲሉ ቤታቸው ሄድኩ። ሙሽራዋ ዕቃ እያሰረች ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አቦይ ገብረ፣ በሠርጌ ቀን ለተብርሃን ተቀምጣ ቀረች ብዬ አስመራ ከምኖር፣ ተነሥታ ዘፈነች ብዬ አሰብ ብኖር ይሻለኛል» አለች። ከዚያ «ይህቺን ገመድ ያዝልኝ» አለችኝና ሣጥኑን አብረን አሠርን። ባሏ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሣጥኑን ወደ በር ጎተተው። አልፈረድኩበትም።

ሰይድን ደግሞ ሻሂ ቤቱን ይዘጉበታል ብዬ ስፈራ ሌላ ነገር መጣ። ሻሂ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሻሂ ጠማው። የፋብሪካ ሴቶች ከሥራ ሲወጡ፣ ጋሪ ነጂው፣ ጡረተኛው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው፣ ሁሉም ጎራ እያለ «ጉሮሮህ እንዴት አደረ?» ይለዋል። «እወ፣ እኔ ደሓን ነኝ፤ እሱ ግን ገና አልዳነም» ይላል ሰይድ፣ ብርጭቆ እያጠበ። አንድ ቄስ ማር በቁና ባይሆንም በብርጭቆ ላኩለት። ለጉሮሮ ይበጃል ብለው።

እኛስ? ፈቃድ የሌለው ባንድ ባንድ አይደለም፤ ስለዚህ ባንድ መሆን ተውን። ጎዳይፍ ሰፈር ሠርግ ሲኖር አምስት እንግዶች ሆነን እንሄዳለን፤ አንዱ እንግዳ አኮርዲዮን ይዞ ቢመጣ፣ ሌላው ከበሮ ቢያገኝ፣ እንግዳ ምን ያድርግ ተብሎ አይከለከልም። ማጉያውን አቧራ በላው። በእነዚያ ስድስት ወራት ስለ ሙዚቃ ከዚያ በፊት ከተማርኩት የበለጠ ተማርኩ። ማጉያ ሲኖር እያንዳንዱ የራሱን ይሰማል፤ ማጉያ ሲጠፋ ጓደኛህን ካልሰማህ ትጠፋለህ። ጊታር መቺያችን እንኳ አንድ ቀን ከሠርግ ስንመለስ አፉን ከፍቶ «ዛሬ ጥሩ ነበርን» አለ። ወንድሙ ደንግጦ ቆመ።

ስድስት ወሩ ሲያልቅ ፈቃዱን ላሳድስ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። አንድ የእኛው ከተማ ልጅ የሆነ ጸሐፊ አዲስ ቅጽ ሰጠኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ የአባል ብዛት፣ የመሣሪያ ዓይነት ሞላሁ። ከሥር «የሚዘፈንበት ቋንቋ» የሚል መስመር ተጨምሮበታል። ብዙ ቆየሁበት። ከዚያ በማታ ትምህርት በተማርኩት ጥሩ የአማርኛ ጽሕፈት «ሠርገኛው የሚዘፍንበት» ብዬ ጻፍኩ።

ጸሐፊው አነበበው። ቀና ብሎ አየኝ። ወደ አለቃው በር አየ። እንደገና አነበበው።

«ፊደልህ ያምራል» አለኝ በአማርኛ።

«የቐንየለይ» አልኩት፣ አመሰግናለሁ ማለቴ ነው፣ በትግርኛ።

ማኅተሙን መታበት። ወረቀቱ ዛሬ ሰይድ ሻሂ ቤት ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። አንድ ቀን አስተውሎ የሚያነብ ሹም መጥቶ ሌላ ስድስት ወር ይቀጣን ይሆናል። ይምጣ።