በሕይወት ላለ ሰው ዜሮ

የሞተ ተጎዳ ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ያለው ግን ኮምፒውተር ሳይመጣ ነው። በኮምፒውተር ቤት የሞተ ሰው አንድ ነው፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ እህል የሚበላው፣ ኑሮ ተወደደ እያለ የሚያማርረው ደግሞ ዜሮ።

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። የሆስፒታል በር ስጠብቅ ግን አርጅቻለሁ፤ በር ጠባቂ ደግሞ ብዙ ያያል እንጂ ብዙ አያወራም። የዜሮውን ነገር የሰማሁት ከልጄ ከእናኑ ነው። እዚሁ ጎንደር ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምትጽፈው ስለኛው ሆስፒታል የቲቢ ሕሙማን ነው፤ መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ማን ስንት ወር ኖረ፣ ማን ሞተ የሚል። ከመዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥ፣ «አባዬ፣ በሕይወት ያለውን ስንት ልበለው? የሞተውንስ?» አለችኝ እንደ ቀልድ።

«ምነው፣ ይኸ ይጠየቃል? ላለው አንድ ስጪው። የሞተው ምን ያደርግለታል፣ ዜሮ ይበቃዋል» አልኋት። ስቃ እንዳልሁት ጻፈችው።

ወራት አለፉ፤ ቀልዱም ተረሳ። መምህራኑ ፊት ልትቀርብ ሦስት ቀን ሲቀራት ኮምፒውተሩን አዘዘችው። ትእዛዙ አንዲት መስመር ናት፤ ጊዜው ይኸ ነው፣ አንድ ማለት ሞት ነው፣ በል ሣል። ኮምፒውተር «ኧረ ተይ» ማለት አያውቅም። ሣለ። ሥዕሉ ቁልቁል የሚሄድ ደረጃ ነው፤ ሰው ሲሞት አንድ እርከን ይወርዳል። የእናኑ ደረጃ ወርዶ ወርዶ ወለል ነካ።

«አባዬ፣ አለቁ እኮ!» ፊቷ ጠቆረ። «መድኃኒቱ አይሠራም ብዬ ልጽፍ ነው?»

እኔ ቁጥር አላነብም፤ ደረጃ ግን አይጠፋኝም።

«ውሸት ነው» አልኋት።

«ሳይንስ እኮ ነው!»

«ይሁን። ይኸ ሁሉ ሬሳ በየት በኩል ወጣ? በሩ ላይ እኔ ነበርሁ። ከሕሙማንሽ አንዷ፣ ያች የወለቃዋ ሸክላ ሠሪ፣ ትናንት ሰላም ብላኝ አልፋለች። የኮላ ድባው እህል ነጋዴ ድኖ፣ ወፍሮ፣ በሩ እስኪጠበው ድረስ ሲገባ አይቻለሁ።»

ወደ መዝገቧ ተመልሳ አየችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ለካ አንድን የሰጠነው ለሕያዋን ኖሯል! ሸክላ ሠሪዋን ከነድስቷ ቀብረን፣ የሞቱትን መለከት ሳይነፋ አስነስተናቸዋል።

«ማን ነበር እንዲህ ብለሽ ጻፊ ያለኝ?» አለች ቀስ ብላ።

ጣራ ጣራውን አየሁ። ብዙ አላወራም ብያችሁ የለ?

ቁጥሮቹን አገላበጠቻቸው፤ ላለው ዜሮ፣ ለሞተው አንድ። ደረጃው ጥቂት ብቻ ወርዶ ከላይ ቀረ። ሸጋ ደረጃ። ጽሑፏንም በሰላም አቀረበች፤ ምስጋናው ላይ «ስህተቴን ላገኘልኝ አባቴ» ብላ አስገብታኛለች። ስህተቱን ማን እንዳመጣው አልጻፈችም። ልጅ ይውጣልህ ማለት ይኸ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «በዚያ ኮምፒውተር እኔ ስንት ነኝ?» አልኋት።

«ዜሮ ነሃ፣ አባዬ።»

ተመስገን አልሁ። በር ስጠብቅ ስኖር አንድም ቀን እድገት አግኝቼ አላውቅም፤ ሁሌም ይቆጨኝ ነበር። ከዜሮ ወደ አንድ የምታወጣው ይችኛዋ እድገት ግን ብትዘገይ ቅር አይለኝም።