ቤታችን ወደ ባሕር የሄደ ቀን

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ድሬዳዋ በሯን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት፣ በሕልሜ ፎጣ እያጠፍኩ ነበር። ፎጣዎቹ አሥር ናቸው። ጫፍና ጫፋቸውን አገናኛለሁ፣ በመዳፌ ዳበስ አደርጋለሁ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እደረድራለሁ። ስቆጥራቸው አሥራ አንድ ሆኑ። ሁሉንም ፈታሁና እንደገና አጠፍኳቸው። አሁንም አሥራ አንድ።

«አትልፊ» አለኝ አንድ ጎርናና ድምፅ። «እኔ ፎጣ አልጠቀምም።»

ዘወር አልኩ። የሚናገረው ቤታችን ነበር።

ሕልሙን ከመቀጠሌ በፊት በእውን የሆነውን ልናገር፤ አለዚያ ቤቱ ለምን እንደተቆጣ አይገባም። ከገና በኋላ ቤተሰባችን በሙሉ ጅቡቲ ወርዶ፣ ታጁራ ባሕር ዳርቻ ላይ ዘና ብሎ ሊያርፍ አስቧል። አራት ትውልድ ነን፦ አያቴ እቴቴ አስካለ፣ ልጆቿ፣ እኛ የልጅ ልጆቿ፣ ከዚያ ደግሞ የወንድሜ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ ሶስና። ዕቅዱን የያዘው አጎቴ ጋሼ ይልማ ነው። ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር ስለሆነ ዕረፍታችንን በደቂቃ ከፋፍሎታል፤ «ከ3:00 እስከ 3:40 መዝናናት» የሚል መስመር አለበት። ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። እጅ ጽሑፌ ያምራል፣ ያለ ማስመሪያ አልጽፍም፣ ስብሰባ ላይም አልናገርም። ቅዳሜ ዕለት ጋሼ ይልማ «ቤት ባዶውን አይተውም፤ አንድ ሰው መቅረት አለበት» አለ። የሁሉም ዓይን ወደ እቴቴ ሄደ። ጉልበቷ ተነሣ፣ ሙቀቱ ተነሣ፣ ዕድሜዋ ተነሣ። እኔም ማስመሪያዬን አስተካክዬ «ቤት ጠባቂ፦ አስካለ» ብዬ ጻፍኩ።

እቴቴ አርባ ዓመት ሙሉ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ቆማ፣ ወደ ባሕሩ ለሚወርዱ ተሳፋሪዎች ሎሚና ብርቱካን የሸጠች ሴት ናት። ባሕሩን ግን አንድም ቀን አይታው አታውቅም። ያን ዕለት «ይሁን» አለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከግቢ ወጣች። ጋሼ ይልማ ሰኞ ጠዋት ፓስፖርት ሊያስመዘግበን የሚሄደው ያንን ዝርዝር ይዞ ነው። እዚያ ላይ ከተጓዦቹ ጋር ያልተጻፈ ሰው ቀረ ማለት ነው።

ወደ ሕልሙ ልመለስ። ቤታችን የጋሼ ይልማን ባርኔጣ ቆርቆሮው ላይ ደፍቷል።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ባሕር።»

«ታዲያ ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

«የትኛውን ቤት? ቤቱ እኔ ነኝ!» አለ። «ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲሄድ እኔ ቀረሁ። ሠርግ ሄዳችሁ፣ ለቅሶ ሄዳችሁ፣ ቁልቢ ሄዳችሁ፤ እኔ ቁልፍ አፌ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረሁ። ዘንድሮ ቤት ይሄዳል፣ ሰው ይቀራል። አቦ በቃኝ!»

ከዚያ፣ ሴት ጎርፍ ስትሻገር ቀሚሷን እንደምትሰበስበው፣ መሠረቱን ሰብሰብ አድርጎ ተነሣ። ጓዳ ያሉት ሳህኖች ተንኳኩ እንጂ አንዱም አልተሰበረም። የግቢውን በር አጎንብሶ አለፈና በከዚራ ሰፈር በኩል፣ በዛፎቹ ጥላ ጥላውን፣ ሳይቸኩል ሄደ። ቤተሰቡ ሁሉ በፒጃማ ከግቢው ፓፓያ ሥር ቀረ። ጋሼ ይልማ ፊሽካውን ነፋ። ቤቱ ዞሮም አላየው።

«ግቢውን ጠብቁ!» አለን ከሩቅ።

እቴቴ ግን ከእኛ ጋር አልነበረችም።

ልንፈልጋት ስንሮጥ አንድ የጉዞ ቢሮ በር ላይ ደረስን። ፀሐዩ ላይ ረጅም ሰልፍ አለ። የተሰለፉት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ክራባታቸውን እንዳሰሩ፣ ማኅተማቸውን ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ጋዜጣ ራሳቸው ላይ ደፍተው። ባለጉዳዮቹ ውስጥ ናቸው፤ ማራገቢያ ሥር ተቀምጠው ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጣሉ። መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ እቴቴን አየኋት። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነው።

«እናቴ፣ ከንጋት ጀምሮ ነው የቆምኩት» አላት አንድ ኃላፊ። «እባክዎ ይቺን ማኅተም ይቀበሉኝና ልረፍ።»

«ፎቶኮፒ ይዘሃል?»

«የማኅተሙን?»

«የራስህን።»

ኃላፊው ኪሱን ዳበሰ። ዞሮ ጥላውን አየ። «አልያዝኩም።»

«በል ነገ ተመለስ» አለችና መስኮቱን ዘጋች። ወዲያው መልሳ ከፈተችው። «ቀጣይ!»

ቀጣዩ ጋሼ ይልማ ነበር። እንዴት ሰልፉን ሰንጥቆ እንደገባ አላውቅም፤ የተማሪ ቁምጣ ለብሷል።

«ዕድሜ?» አለችው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«ዕድሜ ነው የጠየቅኩህ።»

«ስድሳ ሁለት።»

«ገና ነህ። ከሰባ በታች የሆነ ሰው ያለ አሳዳጊ ባሕር አይሄድም።»

«አሳዳጊዬ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«እኔማ ቤት ጠባቂ ነኝ ተብሏል» አለች እቴቴ፣ እርሳሷን እየቀረጸች። «ደግሞ ጉልበትህ መንገዱን አይችለውም። ሙቀቱም አይስማማህም። ለአንተው ብለን ነው፣ የኔ ልጅ።»

ጋሼ ይልማ ቁምጣውን ወደ ላይ ሳበ። ቅዳሜ እሱ ራሱ የተናገረው ነበር፣ ቃል በቃል።

«እና ምን ይሻለኛል?»

«ሂድ በታላቅህ ተመረቅ።»

የቤተሰቡ ታላቅ ሶስና ሆና ነበር። ጋቢ ተከናንባ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯ መሬት አይደርስም። ሁላችንም ፊቷ ተንበረከክን።

«ስታድጉ ደጋግ ሁኑ» አለች።

«አሜን!»

«አትነጫነጩ።»

«አሜን!»

«ከምሳ በፊት ከረሜላ ብሉ።»

«አሜን! አሜን!» ከሁላችንም ጮክ ብላ ያለችው እናቴ ነበረች።

ጉልበታችንን አራግፈን ስንነሣ ባቡር ውስጥ ነበርን። ባቡሩ ግን ቆሟል፤ የሚሄደው ለገሃሩ ነው። ትልቁ ሰዓት፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትኬት ቆራጩ ከነመስኮቱ፣ ሁሉም በአጠገባችን እየተግተለተሉ ያልፋሉ። እቴቴ መስኮት ዳር ተቀምጣለች። ከውጭ ሰዎች እየተጋፉ ወደ እሷ ይሮጣሉ። አየኋቸውና ማን እንደሆኑ ገባኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሎሚ የገዟት ተሳፋሪዎች ናቸው፤ «ስመለስ ከባሕሩ ትንሽ አመጣልሻለሁ» እያሉ የሄዱት። አንዱ በጠርሙስ፣ አንዱ በባርኔጣው፣ አንዷ በእፍኟ ውሃ ይዘዋል።

«እናት! ይኸው፣ ቃል የገባሁልሽ!»

«እኔን አስቀድሚኝ! እኔ ከሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ይዤው ስዞር ክንዴ ዛለ!»

እቴቴ ጣቷን አንዱ ጠርሙስ ውስጥ ነክራ ቀመሰችው።

«ይሄ የቧንቧ ውሃ ነው» አለች።

ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«ተቀበያቸው፣ እቴቴ» አልኳት በጆሮዋ። «ይኼም እንደማየት ይቆጠራል።»

«ማን ነው የሚቆጥረው?» አለችኝ። «በጠርሙስ የመጣ ባሕር አልፈልግም። በእግሬ ሄጄ፣ በእግሬ እገባበታለሁ። አለቀ!» መስኮቱን ጓ አድርጋ ዘጋችው።

ለገሃሩ ሄዶ ሄዶ አለቀ። ከባቡሩ ስንወርድ አሸዋ ረገጥን። ባሕሩ ግን የለም። ችካል ላይ «ባሕሩ ለዓመት ዕረፍት ወጥቷል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዓሦች ጃንጥላ ሥር ተጋድመው፣ ደረቅ አሸዋ ላይ የሚዋኙትን ሰዎች ያያሉ። አንዷ ዓሣ ልጇን «በጣም አትቅረባቸው፣ ይነክሳሉ» ትለዋለች። ቤታችን ቀድሞን ደርሷል። በጀርባው ተንጋሎ፣ በርና መስኮቱን ከፋፍቶ መጋረጃዎቹን ንፋስ ያስመታል።

«ከሦስት ሰዓት እስከ ሦስት ከአርባ ነው ያለሁት» አለን፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ማንም እንዳያነጋግረኝ።»

ባሕሩ ወደነበረበት ስንጠጋ አንድ ወፍራም ዓሣ፣ የጥበቃ ኮፍያ ያደረገ፣ መንገዱን ዘጋ።

«ዝርዝር!»

ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። ሰጠሁት። በእርጥብ ክንፉ መስመር በመስመር ወረደበት።

«አስካለ። ቤት ጠባቂ። ቤት ጠባቂ አያልፍም።»

«ቤቱ እኮ እዚህ ነው» አለች ሶስና። «እየጠበቀችው ነው።»

ዓሣው ትንሽ አሰበበት። «ወረቀቱ እንደዚያ አይልም» አለ። «ማን ነው የጻፈው?»

ሁሉም እኔን አየኝ። መናገር ስሞክር አፌ በፎጣ የተሞላ መሰለኝ። እቴቴ ወረቀቱን ከዓሣው ተቀብላ ክንዷ እስከሚደርስ አርቃ ያዘችው።

«መስመሩ ቀጥ ያለ ነው» አለች። «አንዲት ፊደል አልተንጋደደችም። አንቺ ነሽ፣ ሰናይትዬ?»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ወጣ። አንዴ ከወጣ በኋላ ሊቆምልኝ አልቻለም። «እኔ ነኝ የጻፍኩት! እኔው እሰርዘዋለሁ! ስክሪብቶ ስጡኝ!»

ቤቱ ደንግጦ ተነሥቶ ተቀመጠ። ሁሉም ያለውን ያቀብለኝ ጀመር። እናቴ ማንኪያ፣ ጋሼ ይልማ ፊሽካ፣ ዓሣው የገዛ አጥንቱን። ስክሪብቶ የያዘ ሰው አልነበረም። እቴቴም አልጠበቀችንም። ጫማዋን አወለቀችና ዓሣው ክንፍ ላይ አንጠለጠለችው።

«ያዝልኝ» አለችው፤ በደረቁ አሸዋ ላይ ቀጥ ብላ ሄደች።

ያኔ ባሕሩ ከሩቅ ታየ። ምሳ ሰዓት እንዳለፈበት ሠራተኛ፣ ሞገዶቹን ብብቱ ውስጥ ጠቅልሎ፣ እያለከለከ ይሮጣል።

«ይቅርታ እናቴ፣ ቆየሁብዎ!»

«አርባ ዓመት።»

«ትራንስፖርት አጥቼ ነው።»

«ተሰለፍ» አለችው።

ባሕሩም ተሰለፈ። ሞገድ በሞገድ ጀርባ፣ እየተገፋፉ፣ እስከ ሰማዩ ጫፍ ድረስ። የመጀመሪያው ሞገድ ጎንበስ ብሎ ወደ እግሯ ጣቶች ተጠጋ፣ ተጠጋ፣ ሊነካት አንድ ጣት ሲቀረው፦

«ጨው የት አባቱ ገባ!»

ነቃሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እናቴ ጓዳ ውስጥ ቆርቆሮ እየከፈተች ትዘጋለች። «ትናንት የገዛሁት! ሙሉ ኪሎ!» ቤቱ በቦታው ነው፣ ጠዋት ለአሥሩ ተጓዦች ያጠፍኳቸው አሥር ፎጣዎችም ወንበሩ ላይ ናቸው። ጋሼ ይልማ የጓዳው በር ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእናቴ ይነግራታል፦ «የምንሄድበትን ቀን እንዳትነግሪያት። ሳይነጋ ቀስ ብለን ውልቅ ነው። ለእሷው ብለን ነው።»

በጓሮ በር ወጣሁ። እቴቴ ፓፓያው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ሁለት እግሯን ሰማያዊው ሳፋ ውስጥ ነክራለች። አጠገቧ ባዶ የጨው ላስቲክ በድንጋይ ተይዟል።

«እቴቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያለማመድኩት ነው» አለችኝ፣ እግሯን እያየች። «ቆዳዬ ደረቅ ነው። ባሕሩ ያቃጥላል ይላሉ።»

«ዝርዝሩ ግን…»

«ዝርዝሩን አንቺ ታውቂያለሽ።» ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አራት ጉርድ ፎቶ አወጣች። አራቱም ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሊሟገታት የመጣ ሰው እንደምታይ ታያለች። «የፓስፖርት ነው። ቅዳሜ ከስብሰባው ወጥቼ ነው የተነሣሁት። ሲደርቅ ስጪው ለዚያ ልጅ፣ ለይልማ።»

ፎቶው ደርቋል። እርጥብ የነበረው እጇ ነው።

ገብቼ ዝርዝሩን ከግድግዳው ላይ ነቀልኩ። ማስመሪያዬን አላነሣሁም። «ቤት ጠባቂ» የሚለውን በእጄ ሰረዝኩት፤ መስመሩ ጠመመ፣ ይጥመም። ከቁጥር አንድ በላይ ባዶ መስመር ስላልነበረ ወረቀቱ የላይኛው ጫፍ ላይ «አስካለ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ።

«ምንድን ነው የምታበላሺው?» አለ ጋሼ ይልማ። «ቤቱን ማን ሊጠብቅ ነው?»

«ቁልፉ» አልኩ። «ካላመንከው አንተ ቅር፣ ጋሼ።»

እናቴ ቆርቆሮ እንደያዘች ከጓዳው ብቅ አለች። ጋሼ ይልማ ምናልባት ሌላ ሰው ተናግሮ እንደሆነ ብሎ ወደ ኋላዬ ተመለከተ። ማንም የለም። ፎቶዎቹን በወረቀቱ ጠቅልዬ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተትኩለት፣ የስክሪብቶዬን ክዳን ገጠምኩ።

ከዚያ ከቁምሣጥኑ አንድ ፎጣ አወጣሁ። ጫፍና ጫፉን አገናኘሁ፣ በመዳፌ ዳበስ አደረግኩት፣ ከአሥሩ በላይ አስቀመጥኩት።